ትርፍ ባትሪ ወይስ ፓወር ባንክ? ከመግዛታችሁ በፊት

ስልኩ 7 በመቶ ደርሶ ቀይ ሲያበራ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። የስክሪኑን ብርሃን እንቀንሳለን፣ ዳታ እንዘጋለን፣ ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ሶኬት ፍለጋ ነው። ይህ በወር አንዴ የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። በየቀኑ ከሆነ ግን መላ ያስፈልጋል። መላው ደግሞ ብዙ ነው፦ ትርፍ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ባትሪ የተገጠመለት የስልክ ከቨር፣ በማግኔት ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፍ፣ በፀሐይ የሚሞላ። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ መካከል የሚመርጠው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። ያ ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ አንዳንዴም ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ባትሪው አነሰ ወይስ አረጀ?

ፓወር ባንክ ከሚገዙት ሰዎች ብዙዎቹን የሚያስፈልጋቸው አዲስ የውስጥ ባትሪ ነው ባይ ነኝ። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ከአቅሙ ትንሽ ትንሽ ይጥላል። ለረጅም ጊዜ የስልክ ባትሪ መለኪያ ሆኖ የቆየው 500 ሙሉ ዙር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያህል ይቀራል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ዙር ማለት አንድ ጊዜ ሶኬት ላይ መሰካት አይደለም። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ናቸው። አፕል ከአይፎን 15 ጀምሮ ይህን ልክ ወደ 1,000 ዙር ከፍ አድርጎታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ወዲህ ለገበያው የሚቀርቡ ስልኮች ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዙ ግዴታ ጥሏል።

እርጅናው ምልክት አለው። ስልኩ 30 በመቶ እያለ ድንገት ይዘጋል። ወይም ከ45 ወደ 20 ዘሎ ይወርዳል። ወይም ካሜራ ስትከፍቱ ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር፣ መጨመሩ ነው፤ ካሜራው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ስልኩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ስልክ በፓወር ባንክ ማኖር በቀዳዳ ማሰሮ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ጤንነት የሚል ክፍል ካለ ተመልከቱት፤ ከ80 በታች ከሆነ መጀመሪያ የውስጡን ባትሪ አስቀይሩ። ፓወር ባንክ ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሌላው የስልኩ አመል ነው። ከሁሉ በላይ የሚበላው ስክሪኑ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነገር ነው፦ ደካማ ኔትወርክ። አንቴናው ሩቅ ሲሆን ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ ሰው ይሆናል፤ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሳትነኩት ባትሪው ያልቃል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ለረጅም ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የበረራ ሁነታ ላይ ማድረግ በነፃ የሚገኝ ትርፍ ባትሪ ነው። ሆትስፖት ከፍቶ መዋልም እንደ ደካማ ኔትወርክ ባትሪ ይበላል። አፖችን በየደቂቃው እየጠረጉ መዝጋት ግን አይረዳም፤ እንደገና ከዜሮ ሲከፈቱ ይበልጥ ይበላሉ።

ስልኩ ጤነኛ ሆኖ፣ አመሉም ተስተካክሎ፣ ቀኑ ግን ረዝሞ ካሸነፈው ከታች ያለው ለእናንተ ነው።

«10 ሺህ» ማለት ስንት ነው?

በገበያው ቋንቋ «10 ሺህ»፣ «20 ሺህ» የሚባለው ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ችግሩ ይህ መለኪያ ቮልቴጁን አይናገርም። የፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው ሴል፣ ማለትም ባትሪው ራሱ፣ በአማካይ 3.7 ቮልት ነው፤ በዩኤስቢ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ ባትሪው የያዘውን ጠቅላላ ኃይል የሚናገረው ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 10 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ስታባዙት 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። 20 ሺው 74 ነው።

አሁን 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ እንውሰድ። በ3.85 ቮልት ሲሰላ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። 37ን ለ19 ስታካፍሉ ሁለት ጊዜ ሊሞላ የሚችል ይመስላል። አይሞላም። ፓወር ባንኩ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ ጥቂት ይባክናል፣ ኬብሉ ውስጥ ጥቂት ይቀራል፣ ስልኩ ተቀብሎ መልሶ ዝቅ ሲያደርግ ሌላ ጥቂት ይጠፋል። የጠፋው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ሁለቱም የሚሞቁት ለዚህ ነው። በተግባር ከተጻፈው 60 እስከ 70 በመቶ ቢደርሳችሁ ጥሩ ዕቃ ገዝታችኋል። ስለዚህ 10 ሺው ያንን ስልክ አንዴ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ይሞላዋል።

ሐቀኛ አምራች ይህን ራሱ ይነግራችኋል። የፓወር ባንኩን ጀርባ አገላብጡና ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። ከ10,000 በታች፣ በ5 ቮልት የሚወጣው ተብሎ 6,000 ገደማ የሚል ሁለተኛ ቁጥር ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ሒሳቡን ሠርቶ ያሳያችሁ ሰው አለ ማለት ነው። ትልቁ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ዋት ሰዓቱም ሁለተኛውም ቁጥር ከሌለ ግን ወደ ኋላ በሉ።

ከዚህ ይልቅ የማምነው ፈተና ሚዛን ነው። ብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ሴል ነው፤ ስሙ ከመጠኑ የመጣ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ጥሩ የሚባለው ወደ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፣ ክብደቱም 47 ግራም ገደማ ነው። 9,900 የሚል ጽሑፍ ለብሶ የሚሸጥ 18650 ካያችሁ ውሸቱን ለማወቅ መለኪያ እንኳ አያስፈልጋችሁም። በዚህ ሒሳብ 20 ሺህ ለመድረስ ስድስት ሴል ያስፈልጋል፤ ሴሎቹ ብቻ ወደ 280 ግራም ይመዝናሉ። ጠፍጣፋዎቹ የፖሊመር ባትሪዎችም በክብደት ከዚህ እምብዛም አይርቁም። «20 ሺህ» ተብሎ ከ250 ግራም በታች ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈው ለማስዋቢያ ነው።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ጊዜ ባለ 20 ሺህ ነው ተብሎ የገዛሁት ፓወር ባንክ ስልኬን አንዴ እንኳ መሙላት አቃተው። እንደ ዕቃው ከባድ ነው፤ ስነቀንቀው ግን ውስጡ ኳኳ ይላል። ስልክ ጠጋኝ ወዳጄ ጠርዙን በቀስታ ከፈተልኝ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ባትሪ በሙጫ ተለጥፋለች፤ ከጎኗ ክብደት እንዲሰጥ የተቀመጠ ቁራጭ ብረት ተኝቷል። ስለዚህ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ ነው፦ ቀላል ከሆነ በእርግጥ ውሸት ነው፤ ከባድ ከሆነ ግን ገና መሞከር አለበት። አደራ፣ እናንተ እንዳትከፍቱ። ሴሉ በስለት ከተነካ ይቀጣጠላል።

ትርፍ ባትሪ፦ ስልኩ ከተከፈተ

ስልካችሁ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ትርፍ ባትሪን የሚያህል የለም፤ ይህን ያለ ማቅማማት እላለሁ። ክዳኑን ከጠርዙ ፈልቀቅ፣ ያለቀውን ባትሪ አንሥቶ ኪስ ውስጥ፣ የተሞላውን ማስገባት፣ ክዳኑን ቀጭ፣ ማብራት። ከዜሮ ወደ 100 በአንድ ደቂቃ። የዓለም ፈጣኑ ቻርጀር ይህን አይደርስበትም። ኬብል የለም፣ የቮልቴጅ ለውጥ ስለሌለ ብክነት የለም፤ 1,000 ከተባለ 1,000ውን ታገኛላችሁ። የኖኪያ ቢኤል-5ሲ ባትሪ ከክብሪት ሳጥን ብዙ አይበልጥም፤ በትናንሾቹ ስልኮች ደግሞ አንዱ ለቀናት ያስኬድ ነበር። ሁለቱን የያዘ ሰው ሳምንቱን ስለ ሶኬት ሳያስብ ይውላል።

ችግሩ የሚከፈት ስልክ ማግኘቱ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ጀምሮ ድፍን ነበር። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5ን በ2014 በሚከፈት ክዳን አውጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኤስ6ን ዘጋው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቀጭንነት፣ ውኃ አለማስገባትና መስታወት የለበሰ ጀርባ ክዳኑን አሸነፉት። ዛሬ የሚከፈተው ባትሪ የቀረው በባለ ቁልፍ ስልኮች፣ ለከባድ ሥራ በተሠሩ እንደ ሳምሰንግ ኤክስከቨር ባሉት፣ እንዲሁም እንደ ፌርፎን 5 ባሉት ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው የሚችል ባትሪ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህ ግን መንገድ ላይ ቆማችሁ በጥፍር የምትቀይሩት የድሮው ክዳን ይመለሳል ማለት አይደለም፤ በተለመደ መፍቻ መፈታቱም ይበቃዋል።

ትርፍ ባትሪ ስትገዙ መጠኑንና ነጥቦቹን ተመልከቱ። አብሮ ከመጣው ባትሪ ጋር አንድ ቁመት፣ አንድ ውፍረት ሆኖ እጥፍ አቅም የጻፈ ፎርጅድ ነው። ስልኩ ውስጥ ሲገባ መወዝወዝም መጨናነቅም የለበትም። ጫፉ ላይ ሦስት ወይም አራት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ሁለቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ናቸው፣ የቀሩት የባትሪውን ሙቀትና ማንነት ለስልኩ የሚያሳብቁ ናቸው። ስልኩ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ከውጭ ከማድረግ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጥፍር አውጥቶ ማንኛውንም ባትሪ የሚነክሰው ርካሽ መሙያ የሚነካው ሁለቱን ነጥቦች ብቻ ነው፤ ባትሪው ቢግል አያይም። ከተጠቀማችሁበት ነቅታችሁ ሳላችሁ ይሁን፤ ሰክታችሁበት አትተኙ።

ኦሪጅናል ማለት እንከን የለሽ ማለት አይደለም። ኖኪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ቢኤል-5ሲ ባትሪዎቹ ቻርጅ ሲደረጉ ሊግሉ እንደሚችሉ አስታውቆ 46 ሚሊዮን የሚሆኑትን እለውጣለሁ ብሏል፤ ያመረተለት ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ያኔ የሚጠየቅ አካል ነበር። ፎርጅዱን ማንም ጠርቶ አይለውጥላችሁም።

አንዳንድ የሚያሰለች ነገርም አለ። ባትሪው ሲወጣ ስልኩ ይጠፋል፤ ርካሾቹ ላይ ሰዓቱም አብሮ ይጠፋና ጠዋት የሞላችሁት ማንቂያ ሳይጮህ ይቀራል። ባትሪውን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ አትክተቱ፤ ሳንቲሟ ሁለቱን ነጥቦች ካገናኘች ኪሳችሁ ይቃጠላል። ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ነጥቦቹ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ይበቃል። ሁለቱን ባትሪዎች በእስክሪብቶ 1 እና 2 ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ያለዚያ የትኛው እንደተሞላ፣ የትኛውስ እየደከመ እንደሆነ አታውቁም። እያፈራረቁ መጠቀም ነው፤ አንዱን ብቻ ለክፉ ቀን ብሎ ዓመት ማስቀመጥ በተፈለገ ሰዓት ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

ፓወር ባንክ፦ ለቀረው ሁሉ

ስልካችሁ ድፍን ከሆነ ምርጫው ወደ ፓወር ባንክ ይጠብባል። መልካምነቱ ስልክ ብትቀይሩም አብሯችሁ መዝለቁ ነው፤ የጓደኛን ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫን፣ የራስ መብራትን ሁሉ ይሞላል። ስልኩ ሳይጠፋ መሙላቱም ቀላል ነገር አይደለም።

መጠኑን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አብዛኛው ሰው 10 ሺህ ይበቃዋል። 5 ሺው ኪስ ውስጥ አይሰማም፣ ግን ዛሬ ያሉትን ትልልቅ ስልኮች ከግማሽ ብዙም አያሳልፍም። 20 ሺው ሁለት ሦስት ቀን ሶኬት ለማያይ ሰው፣ ወይም ለሁለት ሰው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሸክም ነው። ሰዎች 20 ሺህ ገዝተው ከሳምንት በኋላ ቤት ጥለውት ይወጣሉ፤ ቤት የቀረ ፓወር ባንክ ደግሞ አቅሙ ዜሮ ነው።

ገዢ ሁሉ የሚረሳው ፓወር ባንኩ ራሱ በስንት ሰዓት ይሞላል የሚለውን ነው። 74 ዋት ሰዓት የሚይዝ 20 ሺህ፣ መቀበል የሚችለው 10 ዋት ብቻ ከሆነ ብክነቱ ተጨምሮ 9 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ ሰክታችሁ ተኝታችሁ ጠዋት አራቱም መብራት ላይበራ ይችላል። 20 ዋት የሚቀበለው በግማሽ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን የሚገባውንም ዋት ፈልጉ። ግን ፈጣን መቀበያ ያለውን ገዝታችሁ ከድሮ ስልክ በተረፈ ባለ 5 ዋት ቻርጀር ራስ ከሞላችሁት ጥቅሙ ገደል ገባ።

የሚወጣው ኃይልስ? መነሻው 5 ቮልት በ1 አምፒር ነው፣ 5 ዋት፤ ትልቁን ስልክ ለመሙላት ግማሽ ቀን ሊወስድ የሚችለው ይህ ነው። ዛሬ የሚጠየቀው ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ፣ በአጭሩ ፒዲ የሚባለው ነው። ስልኩና ፓወር ባንኩ በኬብሉ ውስጥ ተነጋግረው 5፣ 9 ወይም ሌላ ቮልት ላይ ይስማማሉ፤ 9 ቮልት ላይ በ2.2 አምፒር ሲስማሙ 20 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ለስልክ ደግሞ ይህ ከበቂ በላይ ነው። 65 ዋት የሚሰጥ ፓወር ባንክ 18 ዋት ብቻ ለሚቀበል ስልክ አንዲት ደቂቃ አያፈጥንም፤ ትልቁ ዋት ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ነው። ኦፖ፣ ዋንፕላስና ሁዋዌን የመሰሉት ደግሞ የየራሳቸው የፈጣን ቻርጅ ስልት ስላላቸው ከሌላ አምራች ፓወር ባንክ ጋር ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ወደ ዝግታው ይመለሳሉ። ካርቶናቸው ላይ ባለው ትልቅ ዋት ተስፋ አድርጋችሁ አትግዙ።

ሁለት መውጫ ያለው ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ነገር ግን ዋቱ ይከፈላል፣ ፈጣኑም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ኬብሉን አትናቁ፤ ቀጭንና ረጅም ኬብል በመንገድ ላይ ብዙ ይበላል። 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ወፈር ያለ ኬብል ከፓወር ባንኩ ጋር ታስሮ ይኑር።

በማግኔት የሚለጠፈውና ባለባትሪ ከቨሩ

ያለ ኬብል የሚሞላው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ስልኩን እንደያዛችሁ ስለሚሠራ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቺ2 የሚባለው ያለ ኬብል የመሙያ ደረጃ ማግኔቱን አካቶ ሲወጣ እስከ 15 ዋት የሚሰጥ ነበር። ዋጋው ግን ብክነት ነው፦ ኃይሉ በአየር ሲሻገር ከኬብሉ የበለጠ ይጠፋል፣ ስልኩም ይግላል። ባለ 5 ሺው ከያዘው ግማሽ ገደማውን ቢያደርስ አትደነቁ። ምቾትን የሚያስቀድም ሰው ይግዛው፤ አቅም የሚፈልግ ሰው ግን ያንኑ ክብደት በኬብል ተሸክሞ የበለጠ ያገኛል።

ባለባትሪ ከቨር ለአንድ ሞዴል ብቻ ይሠራል። ስልኩን የቀየራችሁ ቀን እሱም ጡረታ ይወጣል።

ፀሐይ የምትሞላው

ስለዚህኛው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ጀርባው ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የተለጠፈበት ፓወር ባንክ «ሶኬት አያስፈልገኝም» የሚል ስሜት ይሰጣል። እስቲ እናስላው። ጥርት ባለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና አንድ ሜትር ካሬ ላይ የምታፈሰው 1,000 ዋት ያህል ነው። ሰሌዳው 10 በ10 ሳንቲሜትር ከሆነ የሚያርፍበት 10 ዋት ነው፤ ጥሩ ሰሌዳ ከዚያ 20 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ 2 ዋት። ይህ በእጅጉ ከተመቸው ነው፤ በተግባር 1 ወይም 1.5 ዋት ነው። 37 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከ25 ሰዓት በላይ ፍጹም ፀሐይ ይፈልጋል፣ ማለትም ደመና የሌለባቸው አራት አምስት ቀናት።

ከዚህ የሚብሰው ባትሪው ከሰሌዳው ሥር ፀሐይ ላይ መጋገሩ ነው። አብዛኛው የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም፤ ጥቁር ሳጥን ፀሐይ ላይ ሲውል ያንን በቀላሉ ያልፋል። ከሶኬት ርቆ ለቀናት የሚቆይ ሰው ለብቻው የሚታጠፍ ባለ 20 ዋት ሰሌዳና ተራ ፓወር ባንክ ይግዛ፤ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ፓወር ባንኩ ጥላ ሥር፣ በመካከላቸው ኬብል። በጀርባው የተለጠፈው ሰሌዳ ጌጥ ነው።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ

ትርፍ ባትሪም ፓወር ባንክም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። 27,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 99.9 ይሆናል፤ ብዙ ትልልቅ ፓወር ባንኮች 27 ሺህ ገደማ ላይ የሚቆሙት በአጋጣሚ አይደለም። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ዋት ሰዓቱ የማይነበብ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል። ደንቡ እየጠበቀ ነው፦ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ፓወር ባንክ መያዝን ፈቅዶ በበረራ ላይ መጠቀምን ከልክሏል፤ ደቡብ ኮሪያም በዚያው ዓመት ከማርች ጀምሮ ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እንዳይቀመጥ አድርጋለች። ከመነሣታችሁ በፊት የምትበሩበትን አየር መንገድ ደንብ እዩ።

የገዛችሁትን እንዳትገድሉት

ለሊቲየም ጠላቱ ሙቀት ነው። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ትራስ ሥር፣ የተጠቀጠቀ ቦርሳ ውስጥ እየሞላ የሚቀመጥ ፓወር ባንክ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲከፋም አደጋ ነው። ስልኩን 5 በመቶ እስኪደርስ አትጠብቁት፤ 30 ሲሆን ሰክታችሁ 80 ላይ ብትነቅሉ ፈጣኑን ክፍል ተጠቀማችሁበት ማለት ነው። ባትሪ እስከ 80 ይሮጥና ከዚያ ወዲያ ይንቀራፈፋል፤ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብዙ ሰዓት ትበላለች። ቸኩላችሁ ከሆነ ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ስክሪኑን አጥፉት።

ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበትን ግማሽ ገደማ ሞልታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ በሦስት ወር አንዴ እዩት። ባዶውን የተረሳ ሴል ቮልቴጁ ከልክ በታች ወርዶ ላይነሣ ይችላል። አብጦ ክዳኑን መግፋት የጀመረ ባትሪ ደግሞ አይጠገንም፣ አይወጋም፣ አይጫንም፤ መጠቀሙን አቁሙና ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ አካል ስጡት። ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት።

ለማን የቱ?

ባለ ቁልፍ ስልክ ወይም የሚከፈት ስልክ ያለው ሰው አንድ ኦሪጅናል ትርፍ ባትሪ ይግዛ፤ ፓወር ባንኩን ይርሳው። ስልኩ ድፍን ሆኖ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው 10 ሺህ፣ ቢያንስ 20 ዋት ፒዲ የሚሰጥና የሚቀበል፣ ከ180 እስከ 250 ግራም የሚመዝን ይፈልግ። በስልኩ መንገድ እያየ የሚነዳ ሰው የመኪና ቻርጀር ከፓወር ባንክ ይሻለዋል፤ ሞተሩ እስከሠራ አያልቅም። ለቀናት ሶኬት የማያይ 20 ሺህና የሚታጠፍ ሰሌዳ ይያዝ። ከሶኬት አጠገብ የሚውል፣ ግን መሰካት የሚረሳ ሰውስ? እሱ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቻርጀር ነው፦ አንዱ ቤት፣ አንዱ ሥራ ቦታ። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ይሄ ሆኖ ሳለ ማንም አያስበውም።

የገዛችሁትን ዕለቱን ፈትሹት። ፓወር ባንኩን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ ስልኩን 10 በመቶ ድረስ አውርዱት፣ ሰክታችሁ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ጠብቁ፤ ከየት እስከ የት እንደሞላ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሞቀ ወረቀት ላይ ጻፉ። 10 ሺህ የተባለው ባለ 5,000 ስልክ አንዴ ሞልቶ ለሁለተኛው ምንም ካልተረፈው፣ ወይም እጅ የሚያቃጥል ከሆነ በማግስቱ መልሱት። ካርቶኑንና ደረሰኙን እስከዚያ አትጣሉ።